ሌንሱን የደበቀው፣ ቀዳዳውን ያሳየው

(ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

✦ የዴልፍቱ ጨርቅ ነጋዴ

ሆላንድ ውስጥ ዴልፍት በምትባል ከተማ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ አንቶኒ ቫን ሊውወንሁክ ይባላል። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም። የዘመኑ ሊቃውንት የሚጻጻፉበትን ላቲን አያውቅም። እጁ ግን የተባረከ ነበር። ከምስር ፍሬ የምታንስ ሌንስ ሠርቶ፣ በሁለት ስስ ብረቶች መካከል አጣብቆ፣ ከዓይኑ አስጠግቶ ያይባት ነበር።

በ1674 ቀይ የደም ሕዋሳትን ገልጾ ጻፈ። በ1676 ጥቅምት ላይ ደግሞ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በላከው ረጅም ደብዳቤ፣ ውኃ ውስጥ የሚርመሰመሱ፣ በባዶ ዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ማየቱን አስታወቀ። የለንደን ሊቃውንት ማመን አቃታቸው። ነጋዴው 8 የተከበሩ ሰዎችን ጠርቶ አሳየና የምስክርነት ቃላቸውን ላከ። ሮያል ሶሳይቲ ግን ምስክር ብቻ አልበቃውም። ሮበርት ሁክ የተባለው ሊቅ ራሱ ማይክሮስኮፕ ሠርቶ እንዲያጣራ ተደረገ። ሁክ መጀመሪያ ላይ አልቀናውም። በ1677 ኅዳር ላይ ተሳካለትና በጉባኤው ፊት አሳየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ የአንድ ነጋዴ ወሬ መሆኑ ቀርቶ እውቀት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በ1676ም በ1677ም ውኃው ውስጥ የነበሩት ፍጥረታት ያው ናቸው። የተለወጠው ነገር፣ ሌላ ሰው በሌላ ከተማ፣ በራሱ እጅ ሠርቶ ደግሞ ማየቱ ነው።

ይሁንና ሊውወንሁክ ያየውን እንጂ ያየበትን መንገድ አላካፈለም። እንግዳ ሲመጣበት ደህና ደህናዎቹን ሌንሶች ያሳያል፤ ምርጦቹን ለራሱ ያስቀራል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ ወጣቶችን ሰብስቦ ሙያውን እንዲያስተምር በደብዳቤ ቢመክረው አልተቀበለም። እጹን ለልጁ እንኳ በሞት አልጋው ላይ ካልሆነ የማይነግር የመድኃኒት አዋቂ ባለበት አገር ይህ ጠባይ እንግዳ አይደለም።

በ1723፣ በ90 ዓመቱ ሲሞት ሙያው አብሮት ተቀበረ። ለሮያል ሶሳይቲ የተናዘዛቸው 26 የብር ማይክሮስኮፖች እንኳ ከጊዜ በኋላ ጠፉ። በ2021 ተመራማሪዎች ከተረፉት ጥቂት መሣሪያዎቹ አንዱን ሳይፈቱ በኒውትሮን ጨረር ሲመረምሩት፣ ሌንሱ ሁክ በዘመኑ በጽሑፍ ካወጣው ዘዴ ጋር በሚመሳሰል መንገድ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ምስጢር ሌላው በአደባባይ የጻፈው ነበር ማለት ነው።

ረቂቅ ተሕዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ እስኪረጋገጥ፣ ከዚያ ደብዳቤ በኋላ 200 ዓመት ገደማ ፈጀ። ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ ነው ማለት አይቻልም። ግን ተማሪ ቢያፈራ ኖሮ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሰው ከዜሮ ባልጀመረ ነበር።

✦ ከቺካጎ ምድር ቤት

በ1852 ጀርመናዊው ካርል ፊርኦርት የደም ሕዋሳትን መቁጠሪያ ዘዴ አወጣ። ዘዴው እየተሻሻለ ለመቶ ዓመት ያህል አገለገለ። ባለሙያው ደሙን አቅጥኖ፣ ካሬ ካሬ የተሰመረበት መስታወት ላይ አድርጎ፣ በማይክሮስኮፕ አጎንብሶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል። ዓይን ይደክማል። ጠዋት የተቆጠረውና ከሰዓት የተቆጠረው አይገጥምም።

በ1930ዎቹ ዋላስ ኮልተር የተባለ አሜሪካዊ ለጄኔራል ኤሌክትሪክ የኤክስሬይ መሣሪያ እየሸጠ በሩቅ ምሥራቅ ይዘዋወር ነበር። ሥራው ሆስፒታል ለሆስፒታል ያዞረዋል። በየላቦራቶሪው ሰዎች አጎንብሰው ደም ሲቆጥሩ ያያል። ኮልተር ሐኪም አልነበረም። የሰዎቹን ድካም ያየ የኤሌክትሪክ ሰው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ቺካጎ ምድር ቤት ውስጥ ሆኖ የደረሰበት ሐሳብ ለልጅ እንኳ የሚገባ ነው። የጨው ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የደም ሕዋስ ግን አያስተላልፍም። በሁለት ዕቃ የተሞላ የጨው ውኃ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ይገናኝ። በቀዳዳዋ ኤሌክትሪክ ይለፍ። አንድ ሕዋስ በቀዳዳዋ ሲሾልክ ለቅጽበት መንገዱን ይዘጋል፤ ኤሌክትሪኩ ይረበሻል። አንድ መረበሽ አንድ ሕዋስ ነው። ሕዋሱ ትልቅ ከሆነ መረበሹም ትልቅ ይሆናል። ስለዚህ መሣሪያው ይቆጥራል፣ ይለካልም። የመጀመሪያዋን ቀዳዳ የሠራት ከሲጋራ ፓኮ ላይ በተላጠ ሴሎፎን ላይ በጋለ መርፌ ወግቶ ነው።

በ1953 የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን፣ ማለትም ፓተንቱን አገኘ። ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ቀደምት መሣሪያዎቹን ለአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ባለሙያዎች ሰጠና ፈትኑት አላቸው። እነርሱም በእጅ ከሚቆጠረው ጋር ጎን ለጎን አድርገው ፈተኑትና በ1956 ውጤቱን በሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በዚያው ዓመት ኮልተር ራሱ ቺካጎ ውስጥ በተደረገ የኤሌክትሮኒክስ ጉባኤ ቀርቦ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ አስረዳ። በሰከንድ በሺህ የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይቆጥራል፤ ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል።

ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ሐኪም "ሲቢሲ ተመርመር" ሲል፣ ውጤቱን ከሚሰጡት መሣሪያዎች ውስጥ ብዙዎቹ አሁንም በዚያች ቀዳዳ ሐሳብ ይሠራሉ። ከፀጉር በማይሰፉ ቦዮች ውስጥ ሕዋስ የሚያሾልከው የዛሬው ማይክሮፍሉዊዲክስ አንዱ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚያው ምድር ቤት ነው።

✦ ንድፉን የሰጡ፣ ሕዋሱን የላኩ

መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ መለየት ሌላ። ነጭ የደም ሕዋሳት ብዙ ዓይነት ናቸው፤ መልካቸው ግን ይመሳሰላል።

በ1965 አሜሪካ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማክ ፉልዋይለር ሕዋሳትን በመጠናቸው የሚለይ መሣሪያ ሠርቶ አሳተመ። የኮልተርን ቀዳዳ ወስዶ፣ ሪቻርድ ስዊት ስታንፎርድ ላይ ለቀለም ማተሚያ ካወጣው ጠብታ የመርጨት ዘዴ ጋር አጋባው። ስታንፎርድ የነበረው የዘረመል ተመራማሪ ሌናርድ ሄርዘንበርግ ይህን ሰምቶ ሎስ አላሞስ ድረስ ሄደ፤ ንድፉንም ሰጡት። አቶሚክ ቦምብ የተሠራበት፣ ምስጢር መጠበቅ የሚያውቅ ቦታ ነው። የመሣሪያውን ንድፍ ግን አልነፈጉትም። ሄርዘንበርግና ባልደረቦቹ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራ ቀለም ጨምረውበት በ1969 ውጤታቸውን አወጡ። ፍሎው ሳይቶሜትሪ የሚባለው ሙያ ከዚህ አደገ።

አሁን የቀረው እያንዳንዱን የሕዋስ ዓይነት ለይቶ የሚይዝ ምልክት ነበር። እሱ ደግሞ ከእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ መጣ። በ1975 ሴዛር ሚልስታይንና ጆርጅ ኮህለር አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ የሚያመርቱ ሕዋሳትን የመሥራት ዘዴ አሳተሙ። ፓተንት አልወጣበትም። ሚልስታይን ሕዋሳቱን ለጠየቁት ላቦራቶሪዎች ይልክ ነበር። ዋጋም አስከፍሏል፤ ሌሎች በዚሁ ዘዴ ላይ ቆመው ፓተንት ሲያወጡ ብሪታንያ ውስጥ ትልቅ ቁጭት ሆነ። ማካፈል ኪሳራ የለውም የሚል ካለ ይህን ታሪክ አላነበበም።

የተገኘው ትርፍ ግን በገንዘብ አይመዘንም። በሰኔ 1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ 5 ወጣቶች እንግዳ በሆነ የሳንባ በሽታ መያዛቸው ተዘገበ። ሐኪሞቹ የበሽተኞቹን ደም በአዲሶቹ አንቲቦዲዎች ሲመረምሩ አንድ ዓይነት ነጭ ሕዋስ ክፉኛ መመናመኑን አዩ። ያ ሕዋስ ዛሬ ሲዲፎር የሚባለው ነው። ኤድስ ከመታየቱ በፊት ንድፉን የሰጠና ሕዋሱን የላከ ባይኖር ኖሮ፣ ሐኪሞቹ የሚያልቀውን ሕዋስ የሚያዩበት ዓይን ባልነበራቸው።

✦ አቃቂና ወንጂ

ኢትዮጵያ ውስጥ ቫይረሱ በ1984 ታየ፤ በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች ታወቁ። በ1994 የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ተመራማሪዎቹ በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተሉ።

ከውጤቶቹ አንዱ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ቫይረሱ የሌለባቸው፣ ጤነኛ የሆኑ ኢትዮጵያውያን የሲዲፎር ቁጥራቸው ከጤነኛ ሆላንዳውያን ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያን ጊዜ የሲዲፎር ቁጥር መድኃኒት መጀመርና አለመጀመርን የሚወስን ነበር። "200 ከወረደ" ይባል ነበር። ታዲያ ጤነኛው ሰው የሚነሣበት ወለል ራሱ የተለየ ከሆነ፣ ሌላ አገር ላይ የተሰመረው መስመር እዚህ ምን ማለት ነው? መሣሪያውን የሠራው ሰው ይህን ጥያቄ በቢሮው ተቀምጦ ሊያስበው አይችልም። ጥያቄው የወጣው መሣሪያው የተጠቃሚው እጅ ከገባና ተጠቃሚውም መልሶ ካሳተመ በኋላ ነው።

ከ2005 ጀምሮ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ኢትዮጵያ ውስጥ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሌላ ችግር ፊት ለፊት መጣ። የሲዲፎር መሣሪያው ትልቅ ነው፤ ውድ ነው፤ መብራት ይፈልጋል፤ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ የሚገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። ገጠር ያለው ታማሚ ወይ ራሱ ይሄዳል፣ ወይ ደሙ ሳይቆይ ተጭኖ ይሄዳል። ውጤቱን ለመስማት ዳግመኛ መምጣት አለበት። የአውቶቡስ ገንዘብ፣ የጠፋ የሥራ ቀን፣ "የት ሄድሽ?" የሚል ጎረቤት። ብዙ ሰው ከዚህ የተነሣ ቀረ።

✦ ቺፑ ደረሰ፣ ግን የት?

መልሱ ይመጣል ተብሎ የተጠበቀው ከማይክሮፍሉዊዲክስ ነበር። በ1998 የሃርቫርዱ ጆርጅ ኋይትሳይድስና ባልደረቦቹ እንደ ጎማ ከሚለጠጥ ሲሊኮን ቺፕ የመሥሪያ ዘዴ አሳተሙ። ቅርጹን አዘጋጅ፣ ሲሊኮኑን አፍስስ፣ ጋግር፣ ላጥ፣ መስታወት ላይ ለጥፍ። ከንድፍ እስከ ቺፕ አንድ ቀን አይፈጅም። አሠራሩ በግልጽ ስለተጻፈ፣ ውድ ፋብሪካ የሌላቸው ላቦራቶሪዎችም ገቡበት። ሙያው ባጭር ጊዜ ዓለምን አዳረሰ።

በ2007 ቦስተን ውስጥ የመህመት ቶነር ቡድን ከካንሰር እብጠት ተነቅለው በደም የሚዞሩ ሕዋሳትን የሚይዝ ቺፕ አወጣ። እነዚህ ሕዋሳት ከቢሊዮን የደም ሕዋሳት መካከል አንድ እንደማግኘት ናቸው። ቺፑ 78,000 ጥቃቅን ምሰሶዎች አሉት፤ ደሙ በመካከላቸው ሲያልፍ ምሰሶዎቹ ላይ የተቀባው አንቲቦዲ የካንሰሩን ሕዋስ ይዞ ያስቀራል። ሊቃውንት አጨበጨቡ፤ ሌሎች ላቦራቶሪዎችም የየራሳቸውን ሠሩ። የወረዳ ሆስፒታል በር ላይ ግን ዛሬም አልደረሰም።

የሙያው ሕመም እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ ብዙ ነው፤ ነርሷ እጅ የገባው ጥቂት። ሊቅ ለሊቅ ሲያካፍል ቺፑ ይራቀቃል። ግን ቺፑን የሚነዳው ፓምፕ ጠረጴዛ ሙሉ ከሆነ፣ ማንበቢያው ሌላ ማይክሮስኮፕ ከፈለገ፣ አቧራና ሙቀት ካልቻለ፣ ለጤና ጣቢያ ምን ይፈይዳል? ይህን የሚያውቀው ተጠቃሚው ነው፤ እሱን ደግሞ የጠየቀው የለም።

የጠየቁም አሉ። በ2005 ዊሊያም ሮድሪገዝና ባልደረቦቹ በትንሽ ቺፕ ሲዲፎር የሚቆጥር ዘዴ ሲያወጡ የፈተኑት በቦስተን ታማሚዎች ደም ብቻ አልነበረም፤ በቦትስዋናም ጭምር ነው። ያሳተሙትም ማንም ሰው ያለክፍያ ሊያነበው በሚችል መጽሔት ላይ ነው። ዘዴው ለማን እንደታሰበ በማን ደም እንደተፈተነ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ፒማ የምትባል ተንቀሳቃሽ መሣሪያ መጣች። ጣት ተወግቶ የተገኘ ደም ካርቶሪጅ ውስጥ ይገባል፤ በ20 ደቂቃ ገደማ ቁጥሩ ይወጣል። ሞዛምቢክ ውስጥ በጤና ጣቢያዎች ተሞክራ ውጤቱ በ2011 ላንሴት ላይ ወጣ። ቀድሞ ከ100 ታማሚ 64ቱ መድኃኒት ሳይጀምሩ ይቀሩ ነበር፤ መሣሪያዋ ከገባች በኋላ ይህ ቁጥር ወደ 33 ወረደ። መድኃኒት ለመጀመር የሚፈጀው ጊዜም ከ48 ቀን ወደ 20 ቀን አጠረ። መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው፤ ሰዉም ያው ሰው ነው። መቁጠሪያው ወደ ሰዉ መቅረቡ ብቻ ይህን ያህል ሰው አተረፈ።

በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ የሲዲፎር ቁጥሩ ሳይጠበቅ መድኃኒት እንዲጀምር መከረ። የ"200 ከወረደ" ዘመን አለፈ። ቁጥሩ ግን በሽታው የጸናበትን ሰው ለመለየት ዛሬም ያስፈልጋል።

✦ በአንዲት ጠብታ የተገነባ ግንብ

ሌላኛው መንገድ ምን እንደሚያመጣ የታየው በዚያው ዘመን ነው። በ2003 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤልዛቤት ሆምስ የተባለች ወጣት ቴራኖስን መሠረተች። ከጣት በተወሰደ ጥቂት ደም እጅግ ብዙ ዓይነት ምርመራ እንሠራለን አለች። ኩባንያው 9 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በ2013 ዋልግሪንስ በተባሉት የመድኃኒት መደብሮች ውስጥ ገብቶ የሕዝብ ደም መመርመር ጀመረ።

መሣሪያው ግን ለሊቃውንት አልታየም። "የንግድ ምስጢር ነው" ይባል ነበር። በየካቲት 2015 የስታንፎርዱ ጆን አዮኒዲስ በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ጥያቄውን አነሣ፤ በሊቃውንት ያልተመረመረ ነገር በምን ይታመናል? በጥቅምት ወር ደግሞ ዎል ስትሪት ጆርናል ነገሩን ገለጠው። የኩባንያው መሣሪያ የሚሠራው ጥቂቱን ምርመራ ብቻ ነበር፤ የቀረው ከሌላ ኩባንያ በተገዙ መሣሪያዎች ይሠራ ነበር።

ከጣት የሚወሰድ ደም አስቸጋሪ መሆኑን የላቦራቶሪ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከሥጋው በሚወጣ ፈሳሽ ይቀላቀላል፤ አንዱ ጠብታ ከሌላው ይለያል። ጠብታዋ ለአንድ ምርመራ ልትበቃ ትችላለች፤ ለሁሉም ግን አትበቃም። ኩባንያው ሥራውን በጊዜው ለሊቃውንት ቢያቀርብ ኖሮ ይህ በመጀመሪያው ጉባኤ ይነገረው ነበር። ኀፍረት ይሆን ነበር፤ ወንጀል ግን ባልሆነ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የተባለው ለታማሚ ብቻ አይደለም፤ ለመሣሪያ ሠሪም ይሠራል።

በ2016 ኩባንያው በመሣሪያው የተሠራውን የሁለት ዓመት ውጤት ሰረዘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሆምስ ፊላደልፊያ በተደረገ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ቀረበች። አዳራሹ የሚጠብቀው የቀድሞውን መሣሪያ ውጤት ነበር፤ የታየው ግን ሌላ አዲስ መሣሪያ ነው። ከ13 ዓመት በኋላ እንኳ ማካፈል አልሆነላትም። በ2018 ኩባንያው ፈረሰ። በ2022 ሆምስ ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብላ 11 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደባት። ገንዘቡን የከሰሩት ባለሀብቶች ናቸው። የተሰረዘውን ውጤት ይዘው ቤታቸው የገቡት ግን ታማሚዎች ነበሩ።

✦ ማነው ባለቤቱ?

ከዚህ ታሪክ "ሁሉም ነገር በነፃ ይሰጥ" የሚል ትምህርት የሚያወጣ ይሳሳታል። ኮልተር ፓተንት አውጥቷል፤ ኩባንያም አቋቁሞ ነግዷል። ሚልስታይን ፓተንት ሳይኖረው ሰጥቷል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ሌላ ሰው እንዲፈትናቸው መፍቀዳቸው ነው። ፓተንትም ቢሆን አሠራሩን በአደባባይ ጽፎ የሚሰጥ መብት እንጂ መደበቂያ አይደለም።

ማካፈልም ሁለት በር አለው። አንዱ በር ወደ ሊቁ ይወስዳል፤ እሱ "እውነት ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ወደ ተጠቃሚው ይወስዳል፤ እሱ ደግሞ "ለእኔ ይሆናል ወይ?" ይላል። ቴራኖስ የመጀመሪያውን በር ዘጋ። ብዙው የቺፕ ተመራማሪ ሁለተኛውን ረሳ። ኮልተር ግን መሣሪያውን ከመሥራቱ በፊት ያጎነበሱትን ሰዎች አይቶ ነበር፤ ከሠራው በኋላም ለፈታኝ ሰጥቷል።

ኢትዮጵያን የሚመለከተው ሁለተኛው በር ነው። መሣሪያ ተሠርቶ፣ ታሽጎ፣ መመሪያው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይመጣል። ተቀባዩ ማብራትና ማጥፋት ይማራል። መብራት ሲጠፋ፣ ካርቶሪጅ ሲያልቅ፣ ሙቀት ሲበዛ የሆነውን የሚያውቀው በየጤና ጣቢያው ያለው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ያ እውቀት መዝገቡ ውስጥ ከቀረ፣ የሚቀጥለውም መሣሪያ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይመጣል። የአቃቂና የወንጂ ጥናት ያሳየው ተጠቃሚ ጠያቂም መሆን እንደሚችል ነው። ጥናቱ የታተመው በእንግሊዝኛ መጽሔቶች ነው፤ ደሙን የሰጠው ግን አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገር የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በደሙ ምን እንደታወቀ በቋንቋው መስማት ለዚያ ሠራተኛ ይገባዋል። የቺፕ ተመራማሪም አዲስ ሥራውን ይዞ ሲመጣ፣ ከሊቃውንት አዳራሽ ቀጥሎ መቆም ያለበት እዚያ ሠራተኛ ፊት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የዴልፍቱ ነጋዴ ሃምሳውንም ብቻውን ተሸክሞ ሞተ። የኮልተር ቀዳዳ ግን ዛሬም በየሆስፒታሉ ደም እየቆጠረች ነው።